የወንዝ ዳር ሲሞላ ምን ይለካል፣ ምን ይጠየቃል?

የባሕር ዳርቻ ያላቸው አገሮች ባሕሩን በአሸዋ ሞልተው መሬት ያወጣሉ። እኛ ባሕር የለንም፤ ግን በአቃቂ፣ በገላን፣ በቡራዩና በሰበታ በኩል ገልባጭ መኪና የቁፋሮ አፈር እያመጣ ወንዝ አፋፍ ላይ ሲደፋ የሚሠራው ነገር ያው ነው። መሬቱ የሚተርፈው ለሞላው ሰው ነው። ውኃው ግን ቦታውን ስላጣ ወደ ማዶው ወይም ወደ ታችኛው ሰፈር ይዞራል።

መለካት ያለበት ከሙሌቱ በፊት ነው፤ ቢዘገይ ቢዘገይ ግንቦት ውስጥ። ሐምሌና ነሐሴ ወንዙ ስለሚሞላ ወደ ውኃው መቅረብ አደገኛ ነው። ሦስት ቦታ ምረጡ፦ የሚሞላው ላይ፣ 50 ሜትር ከላይ፣ 50 ሜትር ከታች። በሁለቱም ዳር ችካል ምቱ፣ ሲባጎ ወጥራችሁ በውኃ ልክ አስተካክሉ፤ ከዚያ በየ1 ሜትሩ ከሲባጎው እስከ ወንዙ ወለል ያለውን ጥልቀት መዝግቡ። የጎርፍ ምልክቱ ዛፍና የድልድይ እግር ላይ የተንጠለጠለው ፌስታልና ገለባ ነው፤ ከፍተኛውን ፈልጋችሁ ከሲባጎው ስንት እንደሚርቅ ጻፉ። ፎቶውን ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ፣ የማይነቃነቅ ነገር (ድልድይ፣ የመብራት ምሰሶ) አስገብታችሁ አንሱ። ስልኩ የሚመዘግበው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ የኢትዮጵያውን ቀን ጎን ለጎን ጻፉበት፤ በኋላ የቀን ልዩነት የሚያመጣው ጭቅጭቅ ከወንዙ ይብሳል።

ይህ ልኬት ለምን ይጠቅማል? 12 ሜትር ስፋት ያለው ወንዝ በጎርፍ ጊዜ 2 ሜትር ከፍታ ይዞ ያልፋል እንበል። ሙሌቱ ስፋቱን ወደ 8 ሜትር ካጠበበው፣ ቁልቁለቱና የወለሉ ሻካራነት ሳይለወጥ፣ የዳሮቹ ፍትጊያም ሳይቆጠር፣ ያው ጎርፍ ወደ 2.5 ሜትር ይነሣል። የውኃው ፍጥነትም በ20 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ በማዶው ያለውን አፋፍ ሥር የሚቦረቡረው ይኸው ፍጥነት ነው። ግማሽ ሜትር ትንሽ ይመስላል፣ ቤታችሁ ወለሉ ከጎርፍ ምልክቱ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ካልሆነ በስተቀር።

ቀጥሎ አፈሩን ተመልከቱ። ሲኖትራክ የሚባለው ገልባጭ በአንድ ጊዜ ወደ 16 ሜትር ኩብ ልቅ አፈር ስለሚጭን፣ ምልልሱን መቁጠር የሙሌቱን መጠን ይነግራችኋል። በደንብ የተሠራ ሙሌት ከሥሩ ሣሩና የላይኛው አፈር ተገፎ፣ ገረጋንቲ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር እየተነጠፈ፣ ውኃ እየተረጨ፣ እያንዳንዱ ንጣፍ በሮለር ተጠቅጥቆ፣ ጥቅጥቅነቱ ተፈትኖ የሚነሣ ነው። ከአፋፉ ላይ ቁልቁል የሚደፋ ግን ዳሩ መቼም አይጠቀጠቅም። በዚያ ላይ በአካባቢያችን የሚደፋው አብዛኛው ዋልካ ነው፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ቤት ሲያርፍበት ግድግዳውን ይዞት ይንቀሳቀሳል። ረግረግ ላይ የተደፋ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ፤ ከሥር ያለው ለስላሳ አፈር ውኃውን እያወጣ ለዓመታት ይጨመቃል። የጃፓኑ ካንሳይ አውሮፕላን ማረፊያ በባሕር ላይ በተሞላ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1994 ተከፍቶ፣ በዚሁ ምክንያት ደሴቱ መሞላት ከጀመረ ወዲህ ከ10 ሜትር በላይ ሰምጧል። እዚያ ግን እየለኩ የሚከታተሉ መሐንዲሶች አሉ።

ጋቢዮን (ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ሣጥን የሚሠራ ግድግዳ) ተሠርቶለታል ቢሏችሁ ዝም ብላችሁ አትመኑ። ሽቦው 8 በ10 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ካለው፣ ድንጋዩ ከዚያ የሚበልጥ፣ እስከ 25 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ መሆን አለበት፤ ትንንሹ በቀዳዳው ይወጣና ሣጥኑ ይረግባል። ከጀርባው ጂኦቴክስታይል (ውኃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር ጨርቅ) ከሌለ አፈሩ በድንጋዮቹ መካከል ታጥቦ ያልቃል። ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ግን በእግሩ ነው፤ ወንዙ ወለሉን ቆፍሮ ሥሩን ባዶ ሲያደርገው ግድግዳው እንዳለ ወደ ውኃው ይጎነበሳል። ስለዚህ መሠረቱ ከወንዙ ወለል በታች ስንት እንደገባና ፊቱ ላይ ወለሉን ከመቆፈር የሚከላከል የድንጋይ ምንጣፍ እንዳለው ጠይቁ። ሙሌቱ ላይ ከወንዙ ጋር ትይዩ የሚሄድ ስንጥቅ ካያችሁ ደግሞ ጥያቄውን ተዉትና ከሥሩ ራቁ፣ ልጆችንም አርቁ፤ ሊናድ ነው።

አቤቱታው በየትኛው ወሰን እንዳላችሁ ይወሰናል። በአዲስ አበባ በኩል ከሆናችሁ ለከተማው፣ በሸገር ከተማ በኩል ከሆናችሁ ለኦሮሚያ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ይቀርባል። ወንዙ ወሰን ስለማያውቅ ግልባጭ ለሌላኛው ማድረግ አይከፋም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ የራሱ ጥቅም መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ላይ አቤት እንዲል ይፈቅዳል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። 30 ቀኑ ከመቼ እንደጀመረ የሚያስረዳላችሁ ወረቀቱ ስለሆነ ደብዳቤውን መዝገብ ቤት ገቢ አድርጋችሁ፣ ቁጥርና ቀን በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ አስጽፉ። በቃል የተነገረ አቤቱታ ቀኑን ማስረዳት ያስቸግራል።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ይበቃዋል። ቦታው፣ ልኬቱ፣ ፎቶው፣ የመኪናው ምልልስ ብዛት ይግባበት። ከዚያ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የይዞታ ካርታው የወንዙን ዳርቻ ወሰን የት እንደሚያሳይ፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ተሠርቶ ከሆነ ሰነዱን ማየት (ዐዋጅ ቁጥር 299/1995 ለሕዝብ ይፋ ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል)፣ መልስ እስኪገኝ ድረስም መድፋቱ እንዲቆም። ከመነሻው «ይፍረስ» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ ነገሩን ወደ ጎረቤት ጠብ ያወርደዋል። የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ካለፈና ውኃው ከጎደለ በኋላ ሦስቱን ቦታዎች በዚያው ሲባጎ ደግማችሁ ለኩ፤ ልዩነቱን በተጨማሪ ደብዳቤ አያይዛችሁ በዚያው መዝገብ ቁጥር አስገቡ።