ለሥራ አዲስ አበባ ስትመጡ፦ ከስታዲየም እስከ ካዛንቺስ የሆቴል አያያዝ

የምሠራው ጅማ ነው፤ የቡና ገበሬዎች ዩኒየን ፋይናንስ ክፍል ውስጥ። ባንክ የሚያስኬድ ጉዳይ ሲመጣ፣ የኤክስፖርት ሰነድ ሲጓተት፣ ከውጭ ገዢ ሲገባ፣ «አንቺ ሂጂ» የምባለው እኔ ነኝ። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ፤ የማርፈውም መሀል ከተማ፣ ሆቴል ነው። ዘመድ ቤት ማረፍን የሚያህል የለም። የእኔ ዘመዶች ግን ያሉት አያትና ጣፎ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ለመድረስ ሌሊት መነሣት ያስፈልጋል፤ ማታ ደግሞ እራት ሳይበሉ የሚጠብቁኝን ሰዎች አስመሻለሁ።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ከክፍለ ሀገር ለሥራ ለምትመጡ ነው፤ በተለይ ገና ሥራ ለጀመራችሁ። ከየመሥሪያ ቤቱ የሚላኩ ወጣቶች እንቅልፍ አጥተው፣ ስብሰባ አርፍደው፣ በመጨረሻም ደረሰኛቸው ውድቅ ሆኖባቸው ሲመለሱ አያለሁ፤ ከልቤ ያሳዝነኛል። ሆቴሉ ውድ ስለሆነ ወይም ርካሽ ስለሆነ አይደለም። ከመያዛቸው በፊት መጠየቅ ያለበት ስላልተጠየቀ ነው።

በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ጋር ሆኖ ለሆቴሎች የኮከብ ደረጃ መስጠት ሲጀምር ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዛሬም ደረጃውን አያለሁ። ነገር ግን ኮከቡ መብራት ሲጠፋ ሙቅ ውኃ ይኖር እንደሆነ አይነግራችሁም። ያንን የምታውቁት በስልክ ጠይቃችሁ ነው።

ሰፈሩን ሥራችሁ ይምረጥላችሁ

ጉዳያችሁ ብሔራዊ ባንክ ወይም የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከሆነ ስታዲየም፣ ለገሃር ወይም ሜክሲኮ እረፉና በእግራችሁ ሂዱ። በዚህ አካባቢ ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት መኪና ውስጥ ከመቀመጥ በእግር መሄድ ይፈጥናል፤ ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ የእግረኛ መንገዱም ሰፍቷል። ባቡሩም አለ፦ ከስታዲየም እስከ ልደታ ሁለቱም መስመሮች በአንድ ሐዲድ ስለሚያልፉ የመጣውን መሳፈር ትችላላችሁ። ስብሰባችሁ ኢሲኤ (የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን) ከሆነ ካዛንቺስ ይሻላል፤ በር ላይ ፍተሻና የመግቢያ ባጅ ስላለ ቀደም ብሎ መድረስ የግድ ነው። የማለዳ በረራ ካላችሁ ደግሞ የመጨረሻዋን ሌሊት ብቻ ወደ ቦሌ አዙሯት።

ካዛንቺስን በድሮው ምልክት አትፈልጉት። በ2017 ዓ.ም. ብዙ የቆየ ቤት ፈርሷል፤ «ከእንትና ምግብ ቤት ጀርባ» ተብሎ የተነገራችሁ ቦታ ዛሬ ሰፊ መንገድ ሊሆን ይችላል። ሆቴሉ ሎኬሽኑን በቴሌግራም እንዲልክላችሁ ጠይቁ።

ቀኑንም እዩ። የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ የሚካሄደው ብዙውን ጊዜ የካቲት መጀመሪያ ገደማ ነው። በዚያ ሳምንት መሀል ከተማ አልጋ ማግኘት ጭንቅ ነው፣ ዋጋው ይንራል፣ እንግዶች ሲያልፉ ከቦሌ እስከ መስቀል አደባባይ ያለው መንገድ ይዘጋል። ሥራችሁ የሚገፋ ከሆነ ግፉት። መስከረም 16 ደመራ ነው፤ ኅዳር ላይ ደግሞ ታላቁ ሩጫ ያለበት እሑድ አለ። በእነዚህ ቀናት ስታዲየም አካባቢ አርፎ ሻንጣ ይዞ በመኪና እወጣለሁ ማለት አይሆንም።

በኢንተርኔት የምትይዙ ከሆነ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ ለሆቴሉ ላኩ። ጥቅምት 10ን ኦክቶበር 10 ብሎ መመዝገብ የተለመደ ነው፤ ማታ ደክማችሁ ስትደርሱ «የእርስዎማ አልፏል» ትባላላችሁ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፦ 14፡00 ይገባል ካለ 8 ሰዓት፣ 12፡00 ይለቀቃል ካለ 6 ሰዓት ቀን ነው።

በስልክ የምጠይቀው

አልጋ ስይዝ ራሴ እደውላለሁ። መጀመሪያ የምጠይቀው «ጀነሬተር አላችሁ ወይ?» ብዬ አይደለም፤ ሁሉም «አለን» ነው የሚለው። «መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ የሚያነሣው ምን ምኑን ነው?» እላለሁ። አንዳንዱ ቤት የሚያነሣው ሊፍቱንና የኮሪደሩን መብራት ብቻ ነው። አንዳንዱ የክፍሉን መብራትና ሶኬት ያነሣል፤ ቦይለሩ ብዙ ኃይል ስለሚበላ ግን ይተወዋል። ሌሊት 9 ሰዓት መብራት ከሄደ ጠዋት የሚጠብቃችሁ ቀዝቃዛ ውኃ ነው፤ ያውም በአዲስ አበባ ብርድ። ውኃውን በፀሐይ ኃይል የሚያሞቅ ሆቴል ካገኛችሁ ያዙት። ቀጥሎ «ጀነሬተሩ የተተከለው በየት በኩል ነው?» ብዬ እጠይቅና ክፍሌ በሌላው ወገን እንዲሆን አደርጋለሁ። ድምፁን ብትለምዱት እንኳ የናፍጣው ጭስ በመስኮት ይገባል።

ከዚያ ውኃ። ብዙ ሰፈር በፈረቃ ስለሆነ ሮቶው ስንት ቀን እንደሚያቆይ፣ የራሳቸው ጉድጓድ ካላቸውም እሱን ይነግሩኛል። የላይኛው ፎቅ ላይ ግፊቱ ደካማ የሆነበት ቤት አለ።

ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ሰው የማያስበው ነው፦ «ላውንጁ ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው?» ካዛንቺስ አካባቢ ያለ አንድ ሆቴል ዓርብ ማታ ስምንተኛ ፎቅ ክፍል ሰጠኝ፤ ዘጠነኛው ላውንጅ ነበር። ሙዚቃው በጆሮ ሳይሆን በአልጋው እግር በኩል ነበር የሚገባው፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው የውኃ ብርጭቆ ሳይቀር ይንቀጠቀጥ ነበር። ክፍል እንዲቀየርልኝ ስጠይቅ «ሞልቷል» ተባልኩ። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ደግሞ ባንክ የማያድር ሥራ ነበረኝ። በደንበኛ ላይ እንዲህ መደረግ የለበትም፤ ክፍሉን ሲሰጡ ያውቁታል፣ መናገርም ግዴታቸው ነው። ካልነገሯችሁ ግን እናንተ ጠይቁ። ጥርና ሚያዝያ ላይ ከሆነ ደግሞ አዳራሹ ሰርግ ይዞ እንደሆነ ጨምሩ። ሰርግ ቢኖር አልቀየምም፤ ከአዳራሹ ርቄ መተኛት ብቻ ነው የምፈልገው።

እንቅልፋችሁ ቀላል ከሆነ ቤተ ክርስቲያን ያለበትንም ወገን ጠይቁ። እኔ ስታዲየም አካባቢ ሳድር የእስጢፋኖስን ኪዳን እየሰማሁ መነሣት ደስ ይለኛል፤ ለፍልሰታ ደግሞ ከዚያ ወገን ክፍል ስጡኝ ብዬ እለምናለሁ። ማታ በመኪና ሲጓዝ ውሎ ለገባ ሰው ግን ላይመቸው ይችላል።

ዋጋው ስንት ነው ሲባል

«4,000 ብር ነው» ካሏችሁ «ሁሉን ጨምሮ ነው ወይስ ፕላስ ፕላስ?» በሉ። ፕላስ ፕላስ ማለት 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅና 15 በመቶ ቫት ይጨመርበታል ነው። ቫቱ የሚታሰበው ሰርቪሱ ከተደመረ በኋላ ነው፦ 4,000 መጀመሪያ 4,400 ይሆናል፣ ከዚያ 660 ብር ቫት ይጨመርና 5,060 ይደርሳል። በአጭሩ የተነገራችሁን በ1.265 አባዙት። አበላችሁ የተወሰነ ከሆነ በአንድ ሌሊት 1,060 ብር ከኪሳችሁ ወጣ ማለት ነው።

ተመላላሽ ከሆናችሁ ዋጋ የምትነጋገሩት ከሪሴፕሽን ጋር አይደለም። የሽያጭ ክፍሉን ጠይቁና ከመሥሪያ ቤታችሁ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ውሰዱላቸው፤ የድርጅት ዋጋ የሚባል አለ። እኔ ደብዳቤውን ያስገባሁት የዩኒየናችን ሰዎች ሁሉ በእሱ እንዲያርፉ ነው፤ አሁን ሾፌራችንም የሚያድረው እዚያው ነው። ቅድሚያ ክፍያ በቴሌብር ከላካችሁ የማረጋገጫውን መልእክት አታጥፉት።

ክፍል ስትገቡ

ሻንጣዬን ያመጣልኝ ልጅ ሳይሄድ ክፍሉን አያለሁ፤ እሱ እያለ ከሆነ የተበላሸው ቶሎ ይሠራል፣ ካልሆነም ክፍሉ ይቀየራል። ሙቅ ውኃውን እከፍትና እጄን አስገብቼ እቆያለሁ። ካልሞቀ የቦይለሩን ማብሪያ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ውጪ፣ ቀይ መብራት ያላት ማብሪያ ናት። አብርታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ቻርጀሬን አልጋው አጠገብ ያለው ሶኬት ላይ ሰክቼ በጣቴ ነካ አደርገዋለሁ፤ የላላ ሶኬት ማታ የሚሞላ መስሎ ጠዋት ስልኩን ባዶ ያስረክባችኋል። ዋይፋዩን ጠረጴዛው ጋ ተቀምጬ ስካን የተደረገ ሰነድ ለራሴ በኢሜይል በመላክ እሞክረዋለሁ። ኮሪደር ላይ ፈጥኖ ክፍል ውስጥ የሚሞት ዋይፋይ ብዙ ነው።

ተጨማሪ ብርድ ልብስ በጊዜ ጠይቁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፣ ክፍሎቹም ማሞቂያ የላቸውም ማለት ይቻላል። ከድሬዳዋ ወይም ከጋምቤላ የምትመጡ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ትቸገራላችሁ። የጽዳት ሠራተኞቹ ፈረቃ ካለቀ በኋላ ግን የዕቃ ክፍሉ ቁልፍ ሊታጣ ይችላል።

ብቻችሁን ለምታርፉ እህቶቼ ደግሞ ይህን እላለሁ። ሪሴፕሽን ላይ የክፍል ቁጥራችሁ በሰው ፊት ጮክ ተብሎ እንዳይነገር፤ «ጻፊልኝ እህቴ» በሏት። በሩ ከውስጥ የሚቆለፍበት መቀርቀሪያ መሥራቱን ሳታዩ ሻንጣ አትፍቱ። ሰው መጥቷል ብለው ሲደውሉላችሁ ወደ ክፍል አታስወጡት፤ ሎቢ ወርዳችሁ አግኙት፣ የሥራ ሰውም ቢሆን። ይህን ስል ማንንም መጠርጠሬ አይደለም፤ ሎቢ ለዚህ ነው የተሠራው። ጥሩ ሆቴል ይህን ሳትነግሩት ያደርገዋል፤ እኔም እንደዚህ ያለውን ቤት ነው ደግሜ ደጋግሜ የምይዘው።

ቁርስና ቡና

ቁርስ ስንት ሰዓት እንደሚጀምር ማታውኑ ጠይቁ። ቁርስ ሳይደርስ የምትወጡ ከሆነ በዕቃ አድርገው እንዲያዘጋጁላችሁ ንገሯቸው፤ ከከፈላችሁበት ገንዘብ ላይ ነው። ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በ55ቱ ቀን ሁዳዴ የጾም ነገር ምን እንዳላቸው እዩ። ፉል፣ ሽሮ፣ ያለ ቅቤ የተሠራ ጨጨብሳ የሚያቀርብ ቤት አለ፤ ዳቦና ማርማላታ ብቻ አስቀምጦ «ጾም አለ» የሚልም አለ።

የቡና ሰው ስለሆንኩ ስለ ቡናው ዝም ማለት አልችልም። ከማለዳ ጀምሮ ፔርሙዝ ውስጥ የቆየውን ቡና ተዉት፤ መዓዛው ሄዶ ምሬቱ ብቻ ነው የቀረው። ሎቢ ጥግ ረከቦት ዘርግታ የተቀመጠች ልጅ ካለች ወደ እሷ ሂዱ። ዛሬ የቆላችው ከሆነ ገና ሳትቀርቡ ሽታው ይነግራችኋል። የውጭ ገዢ ሲመጣብኝ ስብሰባውን የምጀምረው እዚያ ነው። ገበሬው ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ለይቶ የላከውን ቡና ሰው ፊት ለፊቱ ሲፈላ እያየ ስለ ዋጋ ሲነጋገር ንግግሩ ይለያል።

ሰዎቹ

አንድ ሆቴል ከተመቻችሁ በየጊዜው አትቀያይሩ። የሚያውቋችሁ ሰዎች የሚፈቱት ነገር ገንዘብ አይፈታውም። እኔ በምይዘው ቤት የሌሊት ተረኛው ልጅ 11 ሰዓት ላይ ለአውቶቡስ እንደምወጣ ያውቃል፤ ሳልነግረው ራይድ ጠርቶ፣ የታርጋ ቁጥሩን ጽፎ ይጠብቀኛል። ክፍሌን የምታጸዳው እኅት የጠረጴዛዬን ወረቀት እንደማታንቀሳቅስ አምናታለሁ። በር ላይ ያሉትን ጋሼን ሰላም ሳልላቸው አልገባም። ስማቸውን ጠይቁ፣ በስማቸው ጥሩ፣ ቲፕ ስትሰጡ በእጃቸው ስጡ። ጥሩ ሠርተው ስታዩ ደግሞ ለኃላፊያቸው ንገሩላቸው፤ ቅሬታ ለማሰማት የምንፈጥነውን ያህል ለምስጋና አንፈጥንም።

ደረሰኝ

ወጪያችሁን የሚተካው መሥሪያ ቤት ከሆነ ደረሰኙ ላይ የድርጅቱ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር በትክክል መጻፍ አለበት። ቁጥሩን በቃል አትንገሯቸው፤ የንግድ ፈቃዱን ወይም የቫት ምዝገባውን ኮፒ ስልካችሁ ላይ ይዛችሁ አሳዩ። ስርዝ ድልዝ ያለበትን አትቀበሉ። የክፍሉ ሒሳብ ለብቻ፣ የልብስ አጠባና የግል ነገር ለብቻ ይቆረጥ፤ ተደባልቆ የመጣ ደረሰኝ ሒሳብ ክፍል ሲደርስ ጣጣ ነው፣ እኔ ራሴ የምመልሰው እሱን ነው። የካሽ ሬጅስተሩ ወረቀት ሙቀት ሲያገኘው ይደበዝዛል፤ በዚያው ቀን ኮፒ አድርጉት ወይም ፎቶ አንሡት፣ መኪና ዳሽቦርድ ላይም አትተዉት።

ክፍል የሚለቀቀው 6 ሰዓት ስለሆነ 5 ሰዓት ላይ ወርዳችሁ ሒሳባችሁን ዝጉ። ስሕተት ከተገኘ ያስገባችው ካሸር ፈረቃዋን ሳትለቅ ይታረማል። ከሰዓት በኋላ ጉዳይ ካላችሁ ሻንጣችሁን ቁጥር ተሰጥቷችሁ አስቀምጡ፤ ላፕቶፑንና ዋናውን ሰነድ ግን አብራችሁ ይዛችሁ ውጡ።