ላፕቶፕን ከስልክ ዳታ ጋር በብሉቱዝ ማገናኘት

መብራት ሲጠፋ የቤቱ ራውተርም አብሮ ስለሚጠፋ፣ በቂ ቻርጅ ያለው ላፕቶፕ እንኳ ያለ ኢንተርኔት ይቀራል። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው የስልኩን የዋይፋይ ሆትስፖት ይከፍታል፤ ሆትስፖት ግን የስልኩን ባትሪ ቶሎ ይጨርሳል፣ መብራቱ መቼ እንደሚመጣ በማይታወቅበት ሰዓት ደግሞ የስልኩ መዘጋት ከኢንተርኔቱ መቋረጥ የባሰ ችግር ነው። ኢሜይል ለመላክ፣ በኢንተርኔት ላይ ሰነድ ለማረም፣ በቴሌግራም መልስ ለመጻፍ ወይም የማመልከቻ ቅጽ ለመሙላት ኢንተርኔት የሚፈልግ ሰው በብሉቱዝ መገናኘትን ቢለምድ በእጅጉ ይጠቀማል ብዬ አምናለሁ። ችሎታው በአብዛኞቹ ስልኮችና ላፕቶፖች ውስጥ አስቀድሞ ስላለ ተጨማሪ መተግበሪያ መጫን አያስፈልግም።

በቅድሚያ ግን ከብሉቱዝ ምን መጠበቅ እንደሚገባ ማወቅ ይበጃል። ስልክና ላፕቶፕ ኢንተርኔት የሚጋሩበት ነባሩ የብሉቱዝ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ በሆነው 2.0 ኢዲአር በተባለው ደረጃ የሬድዮ ፍጥነቱ በሰከንድ 3 ሜጋቢት የደረሰ ሲሆን፣ በተግባር የሚገኘው ግን ብዙ ጊዜ በሰከንድ ከ1 እስከ 2 ሜጋቢት ነው። ስልኩ ላይ ብሉቱዝ 5 የሚል ጽሑፍ መኖሩም ይህን አይለውጠውም፤ ከአዲሶቹ ደረጃዎች ጋር የመጣው የፍጥነት ጭማሪ አነስተኛ ኃይል ለሚጠቀመው ሌላው የብሉቱዝ ዓይነት እንጂ ለዚህ አይደለም። በሰከንድ 1 ሜጋቢት ቢገኝ 10 ሜጋባይት የሆነ ፋይል ለማውረድ 80 ሰከንድ ያህል ይፈጃል (አንድ ሜጋባይት 8 ሜጋቢት ስለሆነ)፣ በአንድ ሰዓት ሙሉ ያለማቋረጥ ቢሠራም ከ450 ሜጋባይት አይበልጥም። ስለዚህ ለጽሑፍ ሥራ ይበቃል፤ ለቪዲዮ ስብሰባና ለትልልቅ ፋይሎች ግን በዩኤስቢ ገመድ መገናኘት የተሻለ ምርጫ ነው።

የባትሪው ልዩነት የሚመጣው ከሬድዮው ኃይል ነው። በስልክ ውስጥ የሚገኘው ብሉቱዝ እስከ 10 ሜትር ለሚደርስ ርቀት በጥቂት ሚሊዋት ሲሠራ፣ ዋይፋይ ግን እስከ 100 ሚሊዋት አካባቢ ሊያሰራጭ ይችላል። ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቤት ደግሞ ባትሪውን በዋናነት የሚበላው ከማማው ጋር የሚገናኘው የስልኩ ሬድዮ ስለሆነ፣ ስልኩን ኔትወርክ በደንብ ወደሚይዝበት መስኮት አጠገብ አስቀምጦ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ማድረግ ይቻላል። በገመድ ሲሆን ይህ አይመችም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የስልክዎና የላፕቶፕዎ ቋንቋ እንግሊዝኛ እንደሆነ በማሰብ የምርጫዎቹን ስሞች እንዳሉ እጠቅሳለሁ። አንድሮይድ ስልክ ላይ ሞባይል ዳታውንና ብሉቱዙን ይክፈቱ፤ ከዚያም «ሴቲንግስ» ውስጥ ገብተው «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት» የሚለውን፣ ቀጥሎም «ሆትስፖት ኤንድ ቴዘሪንግ» የሚለውን ይንኩና «ብሉቱዝ ቴዘሪንግ»ን፣ ማለትም የስልኩን ኢንተርኔት በብሉቱዝ የሚያጋራውን ምርጫ፣ ያብሩ። በሳምሰንግ ስልኮች መንገዱ በ«ኮኔክሽንስ» በኩል ወደ «ሞባይል ሆትስፖት ኤንድ ቴዘሪንግ» ነው። «ዳታ ሴቨር» ክፍት ከሆነ ስልኩ ኢንተርኔቱን ማጋራት ስለማይፈቅድ መጀመሪያ እሱን ይዝጉ። በአይፎን «ፐርሰናል ሆትስፖት» ውስጥ «አላው አዘርስ ቱ ጆይን»ን ማብራትና ብሉቱዙን ክፍት ማድረግ ይበቃል።

ቀጣዩ ሥራ ሁለቱን ማጣመር ነው። የስልኩን የብሉቱዝ ገጽ ክፍት አድርገው ይተዉትና ዊንዶውስ ላይ በ«ሴቲንግስ» ውስጥ ወደ ብሉቱዝ ገጽ ገብተው «አድ ዲቫይስ» የሚለውን ይጫኑ። የስልክዎ ስም ሲመጣ ይምረጡት፤ በሁለቱም ስክሪኖች ላይ ባለ 6 አሃዝ ቁጥር ይታያል። ቁጥሮቹ አንድ መሆናቸውን በዓይንዎ ካረጋገጡ በኋላ በሁለቱም በኩል ይስማሙ፤ ሰው በሚበዛበት ካፌ ወይም ቢሮ ውስጥ ከሌላ ሰው ዕቃ ጋር እንዳይገናኙ የሚጠብቅዎት ይህ ቁጥር ስለሆነ ሳያዩ «የስ» ማለት ተገቢ አይደለም።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ከዚህ በኋላ ነው። ላፕቶፑ ስልኩን «ፔርድ» ብሎ ያሳያል፣ ኢንተርኔት ግን የለም፤ ተጠቃሚውም ነገሩ አልሠራም ብሎ ይተወዋል። ማጣመር ማለት ሁለቱ ዕቃዎች ተዋወቁ ማለት ብቻ ሲሆን፣ ላፕቶፑ በስልኩ ኢንተርኔት እንዲጠቀም ለብቻው መጠየቅ አለበት። በዊንዶውስ 10 ከስክሪኑ ታች በቀኝ በኩል፣ ከሰዓቱ አጠገብ ያለውን የብሉቱዝ ምልክት በማውዙ የቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ጆይን ኤ ፐርሰናል ኤሪያ ኔትወርክ» የሚለውን ይምረጡ። ምልክቱ ካልታየ ትንሿን ወደ ላይ የምታመለክት ቀስት ሲጫኑ ከተደበቁት መካከል ያገኙታል። በሚከፈተው መስኮት የስልክዎን ምስል አንድ ጊዜ ይጫኑት፤ ከላይ «ኮኔክት ዩዚንግ» የሚል ምርጫ ይመጣል፣ በሥሩ «አክሰስ ፖይንት» የሚለውን ሲጫኑ ግንኙነቱ ይጀምራል። በዊንዶውስ 11 ደግሞ በብሉቱዝ ገጹ ላይ ከስልኩ ስም አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭነው «ጆይን ፐርሰናል ኤሪያ ኔትወርክ» የሚለውን ይፈልጉ። ሁለቱም መንገዶች ካልተገኙ «ኮንትሮል ፓነል» ውስጥ በ«ኔትወርክ ኤንድ ሼሪንግ ሴንተር» በኩል «ቼንጅ አዳፕተር ሴቲንግስ»ን ይክፈቱና፣ «ብሉቱዝ ኔትወርክ ኮኔክሽን» በሚለው ላይ የማውዙን ቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ቪው ብሉቱዝ ኔትወርክ ዲቫይስስ» የሚለውን ይምረጡ።

ሊነክስ የሚጠቀሙ ሰዎች ሥራቸው ይቀላል፤ ኔትወርክ ማኔጀር የተባለው ፕሮግራም ባለባቸው ዘመናዊ የሊነክስ ዓይነቶች ስልኩ ከተጣመረ በኋላ ግንኙነቱ ከኔትወርኩ ምርጫዎች መካከል ይታያል።

ከተገናኙ በኋላ የመጀመሪያው ጥንቃቄ የዳታው ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ላፕቶፑ የሚጠቀመው ከስልኩ ጥቅል ነው፣ ኮምፒውተር ደግሞ ተጠቃሚው ሳያዘው ብዙ ነገር ያወርዳል። የዊንዶውስ ማሻሻያ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊወስድ ይችላል፤ በዚህች ቀጭን መስመር ላይ ሲወርድም ዳታውን ከመብላቱ በላይ ሊሠሩበት የነበረውን መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ አስቀድመው በ«ዊንዶውስ አፕዴት» ገጽ ላይ «ፖዝ አፕዴትስ»ን ይጫኑ፣ በግንኙነቱ ገጽ ላይ «ሜተርድ ኮኔክሽን» (ዳታው የተወሰነ መሆኑን ለኮምፒውተሩ የሚነግር) የሚል ምርጫ ካለም ያብሩት። ዋንድራይቭና ጉግል ድራይቭ ፋይሎችን ማመሳሰል እንዲያቆሙ ያድርጉ፤ በቴሌግራም ላይም ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ይዝጉ። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆኑ ከመጀመርዎ በፊትና ከጨረሱ በኋላ *804# ደውለው ቀሪውን ሂሳብ ማየት ላፕቶፕዎ በእርግጥ ምን ያህል እንደሚወስድ ያሳውቅዎታል።

ግንኙነቱ ኖሮ ገጽ የማይከፍት ከሆነ ጥፋቱ የት እንዳለ በግምት ከመድከም የአይፒ አድራሻውን፣ ማለትም ላፕቶፑ በኔትወርኩ ላይ የሚለይበትን ቁጥር፣ ማየት ይሻላል። ከላይ በጠቀስኩት «ብሉቱዝ ኔትወርክ ኮኔክሽን» ላይ ሁለት ጊዜ ተጭነው «ዲቴይልስ» ውስጥ ይመልከቱ። አድራሻው በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ላፕቶፑ ከስልኩ አድራሻ አልተሰጠውም ማለት ነው፤ ስልኩ ላይ «ብሉቱዝ ቴዘሪንግ»ን አጥፍተው ያብሩና እንደገና ያገናኙ። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች እንደሚሆነው በ192.168.44፣ ወይም በአይፎን እንደሚሆነው በ172.20.10 የሚጀምር ከሆነ ግን የብሉቱዙ ግንኙነት ደህና ስለሆነ ችግሩን ስልኩ ላይ ይፈልጉ፦ ሞባይል ዳታው ተዘግቶ፣ ጥቅሉ አልቆ ወይም ኔትወርኩ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ስልኩ በ2ጂ ላይ ካለ ጥሪ በመጣ ቁጥር ዳታው እንደሚቆምም ያስታውሱ።

ፍጥነቱ ከሚጠበቀውም ካነሰ የላፕቶፑን ዋይፋይ መዝጋት ይረዳል። ብሉቱዝና ብዙው ዋይፋይ በአንድ የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ላይ ስለሚሠሩ፣ በብዙ ላፕቶፖች ውስጥም አንድ አንቴና ስለሚጋሩ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ያጓትታል። በዚያው ላፕቶፕ ላይ የብሉቱዝ ጆሮ ማዳመጫ መጠቀምም ከዚህችው አቅም ይቀንሳል፣ ባለ ገመዱን መጠቀም ይሻላል። ግንኙነቱ እየቆየ የሚቋረጥ ከሆነ ደግሞ «ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ የብሉቱዙን ስም ከፍተው «ፓወር ማኔጅመንት» በሚለው ገጽ ላይ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ብሉቱዙን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት ያንሱ። ይህ ሁሉ ካልሠራ ስልኩን ከላፕቶፑ፣ ላፕቶፑንም ከስልኩ ዝርዝር ሰርዘው እንደ አዲስ ያጣምሩ፤ በአንዱ በኩል ብቻ መሰረዝ ብዙ ጊዜ አይበቃም።

ሥራዎን ሲጨርሱ ስልኩ ላይ «ብሉቱዝ ቴዘሪንግ»ን ይዝጉ፣ ያቆሟቸውን ማሻሻያዎችም መብራቱ መጥቶ ዋይፋዩ ሲመለስ መልሰው ይክፈቱ። ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ቴዘሪንጉ ራሱን ሊዘጋ ይችላል፣ ማጣመሩ ግን ተመዝግቦ ይቀራል፤ በሌላ ቀን ስልኩ ላይ ቴዘሪንጉን ማብራትና ላፕቶፑ ላይ «አክሰስ ፖይንት»ን መምረጥ ብቻ ይቀርዎታል።