የቤት ጠጅ ሌብል፦ ችግሩና መፍትሄው

ጠጅ ጥለን ሳምንታት እንጠብቃለን። ሌብሉን ግን የምንሠራው ለሠርጉ ወይም ለበዓሉ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ስለዚህ ይበላሻል። እኔም ብዙ አበላሽቻለሁ። ከሁሉ በላይ በሚያሳስበኝ ልጀምር።

ብርዝ የፈለገ ሰው ጠጅ ተቀዳለት

ብርዝና ጠጅ ጠርሙስ ውስጥ ሆነው ሲታዩ ሁለቱም ቢጫ ናቸው። በእህቴ ሠርግ ሌብሉን የሠራሁት እኔ ነበርኩ። የሙሽሮቹ ስም በትልቁ፣ ወርቃማ ጌጥ ዙሪያውን። "ጠጅ" እና "ብርዝ" የሚሉት ቃላት ግን ከታች፣ በደቃቁ። አንዲት ነፍሰ ጡር ዘመዳችን ብርዝ ጠይቃ ጠጅ ተቀዳላት። ከንፈሯ ጋ ስታደርሰው ነው ሽታው የነገራት። እስከ ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል።

ጥፋቱ የቀጂዎቹ አልነበረም፤ የሌብሉ ነው። የመጠጡ ስም ከሙሽሮቹም ስም በላይ ይግዘፍ። አንድ አትሙና ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ አቁሙ፤ ሁለት ሜትር ራቅ ብላችሁ አንብቡት። ካልተነበበ አሳድጉት። ሁለቱን በቀለምም ለዩ፤ ለጠጁ ጥቁር ቡኒ፣ ለብርዙ ነጭ ቢሆን ማንም አይሳሳትም። ብርዝ ሲሰነብት መፍላቱ ስለማይቀር የተበረዘበትንም ቀን ጻፉ።

በረዶ ውስጥ ሲገባ ሌብሉ ተበላሸ

እዚህ ላይ መጀመሪያ ለዩ፦ የፈሰሰው ቀለሙ ነው ወይስ የተላቀቀው ወረቀቱ?

ቀለሙ ከፈሰሰ ፕሪንተሩ ኢንክጄት ነው ማለት ነው። የአብዛኞቹ ኢንክጄቶች ቀለም በውኃ የተበጠበጠ ስለሆነ ውኃ ሲነካው መልሶ ይሟሟል። ሌዘር ፕሪንተር ግን የሚያትመው ቶነር በሚባል ዱቄት ነው፤ ዱቄቱ በሙቀት ቀልጦ ወረቀቱ ላይ ይጋገራል፣ ውኃ አይፈታውም። ማተሚያ ቤት ስትሄዱ "በሌዘር ይሁንልኝ" በሉ። ሁሉንም ከማሳተማችሁ በፊት አንዱን በእርጥብ ጣት አሹት።

ወረቀቱ ከተላቀቀ ግን ጠርሙሱን ተጠራጠሩ። አብዛኞቻችን የወይን ጠጅ ጠርሙስ መልሰን ነው የምንጠቀመው፤ የድሮው ሙጫ ቅሪት አለበት። በሞቀ ውኃና በፈሳሽ ሳሙና ዘፍዝፉት። የሚያጣብቅ ነገር ከቀረ የምግብ ዘይት ቀቡትና ትንሽ ቆይታችሁ ጥረጉት። ከዚያ ዘይቱ ራሱ ሙጫ እንዳያስይዝ እንደገና በሳሙና እጠቡ፤ በመጨረሻ አልኮል በነካው ጨርቅ ጥረጉ። ቀዝቃዛ ጠርሙስ ላይ የፈላ ውኃ እንዳታፈሱ፤ ይሰነጠቃል። ስቲከሩን ለጥፉ፤ ጠርሙሱ ግን ደረቅና ያልቀዘቀዘ ይሁን። ከዚያ ቢያንስ አንድ ቀን ይቆይ። ከፍሪጅ አውጥታችሁ ላብ ያለው ጠርሙስ ላይ ብትለጥፉ ልፋታችሁ ከንቱ ነው። በረዶ ባልዲ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ደግሞ የወረቀት ስቲከር ተዉት፤ ውኃ የማይጠጣውን የፕላስቲክ ስቲከር ጠይቁ።

ስቲከር ላላገኘ ሰው ወተት አለ። ተራ ወረቀት ላይ በሌዘር አሳትሙ፣ ጀርባውን ወተት በስሱ ቀቡና ለጥፉ። ወተት ውስጥ ያለው ኬዚን የሚባል ፕሮቲን ሲደርቅ ሙጫ ይሆናል። ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል፤ በሞቀ ውኃ ደግሞ በቀላሉ ይለቃል። ጠርሙሱ እንዲመለስላችሁ ከፈለጋችሁ እኔ የምመርጠው ይሄንን ነው። በረዶ ባልዲ ግን አይችልም።

ዳርና ዳሩ ተሸበሸበ

ወረቀት ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠቀለላል እንጂ በሁለት አቅጣጫ አይታጠፍም። ሆዱ የተነፋ ወይም ወደ ላይ የሚጠብ ጠርሙስ ላይ ይጨማደዳል ወይም ይጣመማል። እርሳስ ከጠርሙሱ ጎን አስጠግታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። በመካከላቸው ብርሃን ከታየ ቦታው ቀጥ ያለ አይደለም፤ ቀጥ ያለውን ክፍል ፈልጉና ሌብሉን በዚያ ልክ አሳጥሩት። ስትለጥፉ ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር አሹት።

ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ታተመ

ቤት ውስጥ አምሮ የታየው አማርኛ ማተሚያ ቤት ሲደርስ ባዶ ሳጥን ይሆናል። እዚያ ያለው ኮምፒውተር እናንተ የተጠቀማችሁበት ፎንት የለውም። በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የጻፋችሁ ከሆነ ደግሞ ሳጥን ሳይሆን የእንግሊዝኛ ፊደላት ዝርክርክ ነው የሚወጣው፤ እነዚያ ፎንቶች የራሳቸው ኮድ ነበራቸውና። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን የመሰሉ ነፃ የዩኒኮድ ፎንቶች አሉ። በእነሱ ጻፉ፣ ፋይሉንም በፒዲኤፍ ውሰዱ። በኮርል ድሮው የምትሠሩ ጽሑፉን ወደ ከርቭ (ፎንት ወደማይፈልግ ሥዕል) ቀይሩት። ከቀየራችሁት በኋላ ፊደል ማረም ስለማይቻል የሚታረመውን ቅጂ ለብቻው አስቀምጡ።

ፊደሉን በጣም አታሳንሱ። "ሉ" እና "ሊ" የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ነው፤ በደቃቅ ህትመት መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት።

ቀኑ ግራ አጋባ

"5/3/2017" ብሎ መጻፍ ለማንም አይጠቅምም። አዲስ አበባ ያለ ሰው ኅዳር 5 ይለዋል፤ ዋሽንግተን ያለ ዘመድ የማርች ወይም የሜይ፣ ያውም የብዙ ዓመት ጠጅ ይመስለዋል። የወሩን ስም በፊደል ጻፉ፣ "ዓ.ም." ወይም "እ.ኤ.አ." ጨምሩ። የተጣለበትንና ጠርሙስ የገባበትን ቀን ለይታችሁ አስፍሩ።

አሜሪካ ላላችሁ አንድ ነገር። የፌዴራሉ ሕግ ለቤት ፍጆታ ወይን መሥራት ይፈቅዳል፤ የማር ወይንም እዚያው ይገባል። አንድ አዋቂ ላለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ላሉበት 200 ጋሎን ነው። መሸጥ ግን አይቻልም። ስለዚህ ሌብሉ ላይ ዋጋ አትጻፉ።

ሲከፈት ገነፈለ

ጠጁ ጠርሙስ ውስጥም እየፈላ ነበር። ሌብሉ ላይ "ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ ክዳኑ በዝግታ ይከፈት" ብላችሁ በደማቁ ጻፉ። ይህ ማስጠንቀቂያ የሚበቃው ግን ፈልቶ ላለቀ ጠጅ ብቻ ነው። ገና አረፋ የሚያወጣ ጠጅ ብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ ጥርቅም ተደርጎ ከተዘጋ ጠርሙሱ ራሱ ሊፈነዳ ይችላል። አረፋው እስኪቆም አትዝጉት፣ ሌብልም አትለጥፉበት።