የእንግሊዝኛ ቃላትን እያበዙ ስህተትን እንዴት መቀነስ ይቻላል? ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች

ብዙ ተማሪ የእንግሊዝኛ ቃላትን የሚያጠናው የደብተሩን ገጽ ለሁለት ከፍሎ፣ በግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ አማርኛውን እየደረደረ ነው። ዝርዝሩ ይረዝማል። መጻፍ ሲመጣ ግን ቃሉ ትዝ ቢልም ዓረፍተ ነገር ውስጥ አልገባ ይላል፤ ቢገባም ተጣሞ ይገባል። ፍቺው ብቻ ተይዞ፣ ከቃሉ ጋር አብረው የሚሄዱት ቃላት ስለተተዉ ነው። ስለዚህ ቃላት ማብዛትንና ስህተት ማረምን ለየብቻ ሳይሆን በአንድ ደብተር እንሠራቸዋለን።

መጀመሪያ ቃላቱን ምረጡ። መዝገበ ቃላትን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ መሸምደድ ጉልበት መጨረስ ነው። የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህሩ ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተሙት ዝርዝር በእንግሊዝኛ ዘወትር የሚያገለግሉ 2,000 ያህል ቃላትን መርጠዋል። የቋንቋ ተመራማሪዋ አቭሪል ኮክስሄድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 በትምህርት ጽሑፎች ውስጥ ደጋግመው የሚመጡ 570 የቃል ቤተሰቦችን፣ ማለትም ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ስብስቦችን፣ ለይተዋል። ሁለቱም ዝርዝሮች በኢንተርኔት ይገኛሉ። ከመጀመሪያው ውስጥ የማታውቁትን ጨርሱና ወደ ሁለተኛው እለፉ፤ “ኤቪደንስ”ና “ሲግኒፊካንት”ን የመሰሉት ቃላት በባዮሎጂም በታሪክም መጽሐፍ ውስጥ ይጠብቋችኋል። በቀን አምስት ወይም ስድስት ቃል ይበቃል። አንባቢን ለማስደነቅ ሲባል ከባድ ቃል ማሳደድ ግን ይቅርባችሁ፤ “ዩዝ” በሚበቃበት ቦታ “ዩቲላይዝ” ማለት ጽሑፉን ከማክበድ በቀር የሚጨምረው የለም።

ቀጥሎ አመዘጋገባችሁን ለውጡ። “ዲሲዥን” የሚለውን ቃል እንውሰድ። ከፊቱ “ውሳኔ” ብሎ የጻፈ ተማሪ፣ በአማርኛ ውሳኔ ስለሚሰጥ “ጊቭ ዲሲዥን” ይላል። እንግሊዝኛው ግን “ሜክ አ ዲሲዥን” ነው። ስለዚህ የሚመዘገበው ሙሉው ሐረግ ነው፤ ከሥሩ ግሱ “ዲሳይድ” እና ቅጽሉ “ዲሳይሲቭ” ይከተላሉ፤ ከዚያ ስለ ራሳችሁ ሕይወት የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ትጨምራላችሁ። እኛ የቤት ሥራም ስህተትም “እንሠራለን”። በእንግሊዝኛ ሆምወርክ ከ“ዱ” ጋር፣ ሚስቴክ ደግሞ ከ“ሜክ” ጋር ይሄዳል። ለምን ብሎ መጠየቅ ብዙ አያስኬድም፤ አብሮ መያዝ ነው።

ለቋንቋ ተማሪዎች የተዘጋጀ መዝገበ ቃላት ካላችሁ፣ ስሙ የሚቆጠር ወይም የማይቆጠር መሆኑን ያመለክታል። ይህን ምልክት አትዝለሉት። እኛ “ምክሮች” እና “መረጃዎች” ስለምንል “አድቫይስ”ና “ኢንፎርሜሽን” ላይ የብዙ ቁጥር “ኤስ” መጨመር ይቀናናል። ሁለቱም አይቀበሉም፤ “ፈርኒቸር”ና “ሆምወርክ”ም እንዲሁ። መቁጠር ግድ ከሆነ “አ ፒስ ኦፍ አድቫይስ” ይባላል።

ከደብተሩ መጨረሻ ጥቂት ገጾችን ከአማርኛ ለሚመጡ ስህተቶች ለዩ። አብዛኛው ጣጣ ያለው መስተዋድድ ላይ ነው። “ስለ ጉዳዩ ተወያየን” ከሚለው “ዲስከስ አባውት” ይወለዳል፤ “አባውት” ትርፍ ነው። “ወደ ክፍሉ ገባ” ከሚለው “ኢንተር ቱ” ይመጣል፤ “ቱ” ይወጣል። አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ እኛ ሙዚቃ እናዳምጣለን፣ ጓደኛ እንጠብቃለን፤ በእንግሊዝኛ ግን “ሊስን” ያለ “ቱ”፣ “ዌይት” ያለ “ፎር” ወደ ተደራጊው አይሻገሩም። “አስረዳኝ”ም “ኤክስፕሌይን ሚ” አይሆንም፤ “ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ” ነው። “ምንም እንኳ” ብለን ጀምረን “ነገር ግን” ማስከተል ስለለመድን “ኦልዞው” እና “በት”ን በአንድ ዓረፍተ ነገር እናጋጥማለን፤ አንዱ ይበቃል። አክብሮትም ያሳስታል፦ ስለ አንድ መምህር ሲጻፍ “እሳቸው” በሚለው ልማድ “ዘይ” የሚል ተማሪ አለ፤ እንግሊዝኛ ለአንቱታ የተለየ ተውላጠ ስም የለውም።

አሁን እንዳይረሳ ማድረግ ነው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተሙት ጥናት፣ የተጠና ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በፍጥነት፣ በኋላ ግን በዝግታ እንደሚረሳ አሳይተዋል። ስለዚህ አንድ ምሽት ሙሉ ከማፍጠጥ እየለያዩ መከለስ ይሻላል። ትንንሽ ካርዶች ቁረጡ፤ በአንዱ ገጽ ቃሉ የጎደለበትን ዓረፍተ ነገር፣ በጀርባው መልሱን ጻፉ። ሦስት ክምር ይኑራችሁ፦ የመጀመሪያው በየቀኑ፣ ሁለተኛው በየሦስት ቀኑ፣ ሦስተኛው በየሳምንቱ የሚታይ። በትክክል የተመለሰ ካርድ ወደሚቀጥለው ክምር ያልፋል፤ የተሳሳተው ከየትም ይሁን ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ካርዱን ከመገልበጣችሁ በፊት መልሱን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ በልብ “አውቀዋለሁ” ማለት ራስን መሸወድ ነው።

በሳምንት አንድ ቀን ከአዲሶቹ ቃላት አምስቱን የያዘ አጭር አንቀጽ ጻፉ። ስታርሙ ሁሉንም ስህተት በአንድ ጊዜ አትፈልጉ። አንዴ ግሶቹን ብቻ፣ በተለይ ከ“ሂ”ና “ሺ” በኋላ በአሁን ጊዜ የሚጨመረውን “ኤስ”፤ አንዴ መስተዋድዶቹን ብቻ ተመልከቱ። የኮምፒውተር ፊደል አራሚ ላይ አትደገፉ፤ “ሉዝ” ማለትም ማጣት በአንድ “ኦ”፣ “ሉስ” ማለትም የላላ በሁለት “ኦ” ስለሚጻፉና ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ስለሆኑ፣ ቢቀያየሩ ሳያይ ሊያልፋቸው ይችላል።

መምህር አርመው የመለሱትን ወረቀት አትጣሉት። በቀይ የተሰመረበትን ዓረፍተ ነገር ከነእርማቱ ወደ ስህተት ገጻችሁ ገልብጡ፤ በሚቀጥለው ጽሑፍ ከደገማችሁት ከጎኑ ጭረት አድርጉ። ጭረት የበዛበትን ስህተት ካርድ ሥሩለት፤ ለአንድ ወር ያልተደገመውን በእርሳስ ሰርዙት።