ፖሊሽ ማሽን፣ ፓድና ኮምፓውንድ በራስ መኪና ላይ እንዴት ይወዳደራሉ?

የመኪናውን ቀለም ራሱ ፖሊሽ ማድረግ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ማሽን ይሻላል?» ብሎ ነው። ግን ቀለሙን የሚነካው ማሽኑ አይደለም፤ ማሽኑ ላይ የሚለጠፈው ክብ ትራስ (ፓዱ) እና እሱ ላይ የሚደረገው የመፋቂያ ቅባት (ኮምፓውንዱ) ናቸው። ማሽኑን ሳትነኩ ፓዱን ብቻ ብትቀይሩ ውጤቱ ሌላ ማሽን የገዛችሁ እስኪመስል ይለወጣል። ስለዚህ ሦስቱንም አይታችሁ ነው መወሰን ያለባችሁ፤ ያውም በራሳችሁ መኪና ላይ። የአንዱ መኪና ቀለም ጠንካራ፣ የሌላው ለስላሳ ነው። ሌላ ሰው መኪና ላይ ያንጸባረቀው እናንተ ጋ ጭጋግ ሊተው ይችላል።

በአብዛኞቹ የዛሬ መኪኖች ላይ ከቀለሙ በላይ ቀለም አልባ ሽፋን አለ። ቫርኒሽ ወይም ክሊር ይባላል። ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ውፍረት አለው፤ 1 ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ፖሊሽ ስናደርግ ጭረቱ አይሞላም። በዙሪያው ያለው ቫርኒሽ ነው እየተፋቀ የሚወርደው። የተፋቀው ደግሞ አይመለስም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በትንሹ ፍቆ ብዙ ማንጸባረቅ ስለሚቻልበት መንገድ ነው።

1. እጠቡ፣ አጽዱ። በሻምፑ ታጥቦ የተረፈውን የተጣበቀ ቆሻሻ በክሌይ (ቆሻሻውን እያጣበቀ በሚያነሳ ሊጥ መሰል ጭቃ) እና በማለስለሻ ፈሳሽ አንሱት። እጃችሁን ስታሳርፉ መስታወት ካልመሰላችሁ ገና ነው። አሸዋ ይዞ ፖሊሽ መጀመር አዲስ ጭረት መሥራት ነው።

2. ጉዳቱን እዩ። መኪናውን ጥላ ውስጥ አቁሙና በኤልኢዲ መብራት አግድም አብሩበት። ክብ ክብ የሸረሪት ድር የመሰሉት ጭረቶች የማጠቢያ ጨርቅ ሥራ ናቸው፤ በቀላሉ ይወጣሉ። ጥፍራችሁን ስታሳልፉ የሚይዘው ጭረት ግን ለፖሊሽ ጥልቅ ነው። እሱን ማሳሳት እንጂ ማጥፋት አይሞከርም። የቀለም ውፍረት መለኪያ ካገኛችሁ ተጠቀሙበት፤ የሚያሳየው ግን የሁሉንም ንብርብር ድምር እንጂ የቫርኒሹን ብቻ አይደለም። አንዱ በር ከሌላው በጣም ወፍራም ሆኖ ከተገኘ ድጋሚ የተቀባ ሳይሆን አይቀርም።

3. ማሽን ምረጡ። ሮታሪ የሚባለው በአንድ መሐል ዙሪያ ብቻ ይሽከረከራል። ቶሎ ይፍቃል፣ ቶሎም ያሞቃል። አንድ ቦታ ላይ ቆም ካለ፣ በተለይ ጠርዝ ላይ፣ ቫርኒሹን በልቶ ቀለሙ ላይ ይደርሳል። በጥሩ እጅ እንኳ ፀሐይ ላይ የሚታይ ጥላ መሰል መስመር ሊተው ይችላል። ባለሙያዎች ሆሎግራም ይሉታል።

ዱዋል አክሽን፣ በአጭሩ ዲኤ፣ እየተሽከረከረ ይወዛወዛል። የሚወዛወዝበት ስፋት በሚሊሜትር ይነገራል። የጣሊያኑ ሩፔስ ኤልኤችአር 15 እና 21 ብሎ ሲሰይም ቁጥሩ ይኸው ነው። 21 ሰፋ ላለ ገጽ፣ ለኮፈንና ለጣሪያ ይፈጥናል። 15 ግን በሮችና ጎበጥ ያሉ ቦታዎች ላይ በእጅ ይገባል። ዲኤ ላይ ከመጠን በላይ ከጫናችሁ ወይም ጠመዝማዛ ቦታ ካገኘው መሽከርከሩን ያቆምና ንዝረት ብቻ ይሆናል። በፓዱ መያዣ ጠርዝ ላይ በማርከር አንድ መስመር አስምሩ፤ መስመሩ ሲዞር ካልታያችሁ እየሠራችሁ አይደለም።

በሁለቱ መካከል ደግሞ በግድ የሚሽከረከር ዲኤ አለ፤ የጀርመኑ ፍሌክስ ኤክስሲ 3401 የሚታወቀው በዚህ ነው። ስትጫኑት አይቆምም፤ ንዝረቱን ግን ክንዳችሁ ይቀበለዋል። እኔ ለጀማሪ የምመክረው ተራውን ባለ 15 ዲኤ ነው። ሮታሪን የመጀመሪያ ማሽን አታድርጉት።

4. ፓድና ኮምፓውንድ። የሱፍና የማይክሮፋይበር ፓድ አጥብቆ ይፍቃል፤ ስፖንጅ ከጠንካራ እስከ ለስላሳ አለው። በቀለሙ አትመኑ፤ የአንዱ ድርጅት ቢጫ የሌላው ቢጫ አይደለም። ኮምፓውንድም ሁለት ዓይነት ነው። እንደ ጀርመኑ ሜንዜርና ባሉት ውስጥ ያለው ቫርኒሹን የሚፍቀው ፍርፋሪ እየተሠራበት ይደቃል፤ ዑደቱን ሳይጨርሱ ማቆም ጭጋግ ያስቀራል። በሜንዜርና ቁጥሩ ሲያንስ ጉልበቱ ይበዛል፤ 400 ይፍቃል፣ 3500 ያንጸባርቃል። እንደ አሜሪካው መጓየርስ 205 ያለው ደግሞ ፍርፋሪው አይደቅም፤ መቼ እንደምታቆሙ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ብራችሁ ውስን ከሆነ ጠርሙስ ከማብዛት ፓድ አብዙ።

5. ሙከራ። ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ኮፈኑ ላይ 50 በ50 ሴንቲሜትር ቦታ በወረቀት ፕላስተር ከልሉ። በለስላሳ ፓድና በደቃቅ ፖሊሽ (ጉልበቱ አነስተኛ በሆነው ኮምፓውንድ) ጀምሩ። ሦስት አራት ጠብታ ፓዱ ላይ አድርጉ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት ቀቡት፣ ከዚያ ዲኤውን ከ6ቱ ፍጥነቶች 4 ወይም 5 ላይ አድርጉት። እጃችሁ በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ይሂድ፤ አንዴ አግድም፣ አንዴ ቁልቁል፣ እያንዳንዱ መስመር የቀደመውን ግማሽ ይሸፍን። ከአራት እስከ ስድስት ዙር ይበቃል።

ጥረጉና በውሃ በቀጠነ አይሶፕሮፒል አልኮል ድገሙት። ይህን አትዝለሉ። የፖሊሹ ዘይት ጭረትን ይደብቃል፤ ደብቆም ያስመሰግናል! ከሳምንት በኋላ ጭረቱ ተመልሶ ይመጣል። አልኮሉ ካነሳው በኋላ የምታዩት ነው እውነተኛው ውጤት።

ካልወጣ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። መጀመሪያ ፓዱን። ያ ካልበቃ ኮምፓውንዱን። ሁለቱን ባንዴ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። ሁለት ምርት ማወዳደር ከፈለጋችሁም ጎን ለጎን በፕላስተር ከፋፍላችሁ፣ በአንድ ማሽን፣ በአንድ ዓይነት ንጹህ ፓድ፣ በእኩል ዙር ሥሩት። ጭረቱ ወጥቶ ጭጋግ ከቀረ ግን ሥራው በግማሽ አልቋል፤ ለስላሳ ፓድና ደቃቅ ፖሊሽ ይዛችሁ እለፉበት።

6. ወደ ቀሪው መኪና። ያሸነፈውን ጥምረት ይዛችሁ ቀጥሉ። ጠርዞችንና የጎማ ክፈፎችን በፕላስተር ሸፍኑ። ፓራውልት ላይ ፍጥነት ቀንሱ፤ ፕላስቲክ ሙቀትን አያሰራጭም። ቦታው በእጅ ሲነካ ካቃጠለ አቁሙ። ፓዱን ከእያንዳንዱ ክፍል በኋላ በብሩሽ አጽዱ፣ ሲርስ ቀይሩ። መሬት የነካ ፓድ ታጥቦ እስኪደርቅ ድረስ ወደ መኪናው አይመለስም።