ቴብል ላይ 100 ከ9 ሲቀድም እንዴት እንደፈታሁት

ዳታ ቴብል ላይ ሶርት ስታደርጉ (በቅደም ተከተል ስትደረድሩ) 9፣ 10፣ 100 መሆን የነበረበት 10፣ 100፣ 9 ሆኖ እየመጣ ካስቸገራችሁ እኔ ጋ ተፈቷል። የጃቫስክሪፕት ሶርት ማወዳደሪያ ፈንክሽን ካልሰጣችሁት ሁሉንም ወደ ጽሁፍ ቀይሮ ነው የሚያወዳድረው፣ ቁጥርም ቢሆን ለውጥ የለውም፣ እና 100 የሚጀምረው በ1 ስለሆነ ከ9 ይቀድማል። አንዱን ከሌላው የሚቀንስ ፈንክሽን ስትሰጡት ይስተካከላል፣ ግን የኔ ዳታ ከሰርቨር የሚመጣው "1,200" ተብሎ ኮማ ያለበት ስትሪንግ (ጽሁፍ) ነው፣ እሱን ስትቀንሱት ናን (NaN፣ ቁጥር አይደለም ማለት ነው) ይሰጣችኋል፣ ሶርቱ ደግሞ ናንን እንደ 0 ስለሚቆጥረው እኩል ናቸው ብሎ ያልፋቸዋል። ኤረር እንኳን አያሳይም!

ስለዚህ ዳታው እንደገባ ኮማውን አውጥቼ ወደ ቁጥር ቀየርኩት፣ ኮማው የሚመለሰው ሴሉ ላይ ሲታይ ብቻ ነው። የሚታየውና የሚወዳደረው ቫልዩ የግድ መለያየት አለበት፣ ቀን ላይም ያው ነው። ባዶ ሴሎችን ደግሞ ወደ ላይም ወደ ታችም ሶርት ሲደረግ መጨረሻ ላይ እንዲቀሩ አደረግኩ፣ ካልሆነ ናል (null፣ ባዶ ቫልዩ) ሲቀነስ 0 ሆኖ ከእውነተኛ 0 ጋር ይቀላቀላል፣ ይሄ ደግሞ ተጠቃሚውን በጣም ያሳስታል።

ሌላው ሶርት ዋናውን አሬይ (ዳታው የተቀመጠበትን ዝርዝር) ራሱን ስለሚቀይረው መጀመሪያ ኮፒ አድርጉ፣ ሶርቱን ሲያጠፉት ወደ ነበረበት ቅደም ተከተል እንዲመለስ።

ፊልተሩ ቀላል ነበር፣ መጀመሪያ ፊልተር ከዛ ሶርት በመጨረሻ ገጽ መከፋፈል፣ ፊልተር በተቀየረ ቁጥር ደግሞ ወደ ገጽ 1 መልሱት፣ ገጽ 5 ላይ ሆኖ ሰርች ያደረገ ሰው ውጤት እያለ ባዶ ቴብል እንዳያይ።