ትራቭል ሶከር፦ የክለቦችን ዋጋና ጥራት እንዴት ያነጻጽራሉ?

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው የትራቭል ሶከር ክለቦች፣ ማለትም ተጫዋች መርጠው ከሌላ አካባቢ ቡድኖች ጋር የሚያጫውቱ የልጆች እግር ኳስ ክለቦች፣ ትራይአውት (የመምረጫ ሙከራ) የሚያካሂዱት በአብዛኛው በሜይና በጁን ነው። ልጁ ሁለት ምሽት ይሞከራል፤ ብዙ ሳይቆይ ኢሜይል ይገባል፦ ተመርጧል፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ቀብድ ይክፈሉ፣ ቀብዱ አይመለስም። በ48 ሰዓት ክለብ አይነጻጸርም። ሥራው ማርች ላይ፣ የስፕሪንግ ጨዋታዎች ሲጀመሩ፣ ሜዳ ዳር ቆሞ በማየትና ጥቂት ኢሜይል በመላክ መጀመር አለበት።

ድረ ገጹ ላይ የተለጠፈው ዋጋ

ክለቡ የሚለጥፈው ቁጥር "የክለብ ክፍያ" የሚባለውን ብቻ ነው። አንዱ ክለብ ማሊያውን፣ የዳኛውንና የዊንተሩን የአዳራሽ ልምምድ እዚያው ውስጥ ያካትታል፤ ሌላው ሁሉንም ለየብቻ ያስከፍላል። ስለዚህ ሁለት የተለጠፉ ቁጥሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ "ይኼ ይረክሳል" ማለት ዋጋ የለውም። ትክክለኛውን ወጪ የሚያውቀው የቡድኑ ማናጀር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከወላጆቹ አንዱ ነው፣ ገንዘቡን የሚሰበስበውም እሱ ነው። "ባለፈው ዓመት ከክለብ ክፍያው ውጭ አንድ ቤተሰብ ስንት ከፈለ?" ብለው እሱን ይጠይቁ።

ከክፍያው ውጭ የሚመጡት እነዚህ ናቸው። ማሊያ፦ ብዙ ክለቦች ንድፉን በየሁለት ዓመቱ ይቀይራሉ። ልጅዎ የሚገባው በሁለተኛው ዓመት ከሆነ ዘንድሮ ገዝተው በቀጣዩ ዓመት እንደገና ሊገዙ ነውና ንድፉ መቼ እንደሚቀየር አስቀድመው ይጠይቁ። ቦርሳውና ጃኬቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ግዴታ አይደሉም፤ ግን ካልጠየቁ ማንም አይነግርዎትም። የውድድር መመዝገቢያ፦ ለቡድኑ በአንድ ላይ ይከፈልና ለተጫዋቾቹ ቁጥር ይካፈላል። የአሰልጣኙ የጉዞና የሆቴል ወጪ፦ ይኼም ይካፈላል። የእርስዎ ሆቴል፦ አንዳንድ ውድድሮች ከሩቅ የሚመጣ ቡድን አዘጋጁ በመረጣቸው ሆቴሎች ብቻ እንዲያድር ያስገድዳሉ። እዚያ ከተማ እህትዎ ብትኖርም ላይፈቀድልዎ ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚረሳው መንገዱ ነው። በሳምንት ሦስት ልምምድ ሲሆን የሜዳው ርቀት ከክለቡ ክፍያ ጋር ሊወዳደር ይችላል። ለማስላት የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት ለ2025 ለሥራ መኪና ያወጣውን ሂሳብ፣ ማለትም ለአንድ ማይል 70 ሳንቲም፣ ይጠቀሙ፤ ጎማውን፣ ዘይቱንና የመኪናውን ማርጀት ጭምር ስለሚይዝ ከነዳጅ ብቻ ይልቅ እውነቱን ይናገራል።

ለምሳሌ ያህል ሁለት ክለቦች እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ለስሌት የተቀመጡ ናቸው። ሁለቱም ለ32 ሳምንት፣ በሳምንት ሦስቴ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያሠለጥናሉ። 96 ልምምድ፣ 144 ሰዓት ማለት ነው።

ክለብ "ሀ" 1,900 ዶላር ይላል። ማሊያ 320። አራት ውድድር፣ እያንዳንዱ ለቡድን 1,100፣ ለ16 ልጅ ሲካፈል 275። ከአራቱ ሁለቱ ሩቅ ናቸው፤ ሁለት ሁለት አዳር በ180 ሂሳብ 720። የአሰልጣኝ ጉዞ ድርሻ 90። የዊንተር አዳራሽ 180። ይኼ 3,485 ይሆናል። ሜዳው ደርሶ መልስ 24 ማይል ነው፤ ለ96 ልምምድ 2,304 ማይል፣ በ70 ሳንቲም ወደ 1,613። ድምር 5,098 ዶላር፣ በሰዓት 35 ዶላር ከ40 ሳንቲም።

ክለብ "ለ" 2,800 ይላል፣ ውድድሮቹና ዊንተሩ ውስጡ ናቸው። ማሊያ 150፣ አንድ ጊዜ ሆቴል 360፤ 3,310። ሜዳው ደርሶ መልስ 6 ማይል፤ 576 ማይል፣ ወደ 403። ድምር 3,713፣ በሰዓት 26 ዶላር የማይሞላ።

በ900 ዶላር የረከሰ የመሰለው በ1,385 ዶላር ተወደደ። የእርስዎን ቁጥሮች በዚሁ መንገድ ያስገቡ፤ የቅዳሜና የእሁድ ጨዋታ መንገድ ገና አልተጨመረበትም።

"144 ሰዓት" የሚለውን ግን እንዳለ አይመኑት። በሣር ሜዳ የሚለማመድ ቡድን ዝናብ በዘነበ ቁጥር ካውንቲው ሜዳውን ይዘጋበታል፤ ኤፕሪል ላይ በሳምንት ሁለቴ ሊሆን ይችላል። ሰው ሠራሽ ሣር ላይ ያለ ቡድን ግን ይቀጥላል። ጥያቄው "ሜዳችሁ ምንድን ነው?" ብቻ ሳይሆን "የተሰረዘ ልምምድ ይተካል?" ነው። አብዛኞቹ አይተኩም፤ ገንዘብም አይመልሱም።

ውሉን ሳይፈርሙ ያንብቡ

ክፍያው በስምንት ወይም በአሥር ወር ቢከፋፈልም፣ ውሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚለው የዓመቱን ሙሉ ክፍያ ለመክፈል ተስማምተዋል ነው። ልጁ ኦክቶበር ላይ ቢያቆምም ቀሪው ዕዳ ነው። ሌላ ክለብ ሊገባ ሲፈልግም የቀድሞው ክለብ ዕዳው ሳይከፈል መልቀቂያ ላይሰጥ ይችላል። ሦስት ነገር ውሉ ውስጥ ይፈልጉ፦ ልጁ ተጎድቶ የሐኪም ወረቀት ቢያመጣ ምን ያህሉ ይመለሳል? ቤተሰቡ ከከተማ ቢለቅስ? አሰልጣኙ ወይም ሊጉ በመሃል ቢቀየርስ? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልስ የለውም፤ ወላጅ በብዛት የሚቆጨው ግን በእሱ ነው። የተመዘገቡት አንድ አሰልጣኝ አይተው ነበር፣ ኦገስት ላይ ሌላ ሰው ይመጣል።

የሊጉ ስም

የወንዶቹ ሊግ ኤምኤልኤስ ኔክስት እና የሴቶቹ ገርልስ አካዳሚ በ2020፣ ቀድሞ ከፍተኛ የወጣቶች ሊግ የነበረው የዩኤስ ሶከር ዴቨሎፕመንት አካዳሚ በዚያው ዓመት ኤፕሪል ከፈረሰ በኋላ የመጡ ናቸው። ኢሲኤንኤል የሚባለው ሊግ በ2009 በሴቶች ጀምሮ በ2017 ወንዶችን ጨመረ። በከፍተኛው እርከን የሚጠሩት ስሞች እነዚህ ናቸው፤ ከሥራቸው ደግሞ የአካባቢ ሊጎች አሉ። ክለቡ ድረ ገጹ ላይ የሚለጥፈው የአንደኛውን ቡድን አርማ ነው። ልጅዎ ሦስተኛው ቡድን ውስጥ ከገባ ያንን ሊግ አይጫወትም፣ ምናልባት ያንን አሰልጣኝም አያገኝም፤ ክፍያው ግን ብዙም ላይቀንስ ይችላል። በግልጽ እንናገር፦ በብዙ ክለቦች የሦስተኛው ቡድን ወላጆች የአንደኛውን ወጪ ይደጉማሉ። ስለዚህ የሚነጻጸረው የክለብ ስም ሳይሆን ቡድን ነው፤ ልጅዎ የሚገባበት ቡድን፣ የዚያ ቡድን አሰልጣኝ፣ የዚያ ቡድን ሊግ። አብዛኞቹ የኤምኤልኤስ (የአሜሪካ የፕሮፌሽናል እግር ኳስ ሊግ) ክለቦች የራሳቸው አካዳሚ የክለብ ክፍያ እንደማያስከፍል ይታወቅ፤ ከእነሱ ጋር "ግንኙነት አለን" የሚል ክለብ ግን ያስከፍላል።

ስለ ኮሌጅ ስኮላርሺፕ የሚነገረውንም በልክ ይስሙ። በኤንሲኤኤ (የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር) በዲቪዥን 3፣ ማለትም በሦስተኛው ምድብ፣ ያሉ ትምህርት ቤቶች ለስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም። የዲቪዥን 1 አሰልጣኞች ደግሞ ተጫዋቹን በቀጥታ ማነጋገር የሚችሉት ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ካለው ጁን 15 ጀምሮ ነው። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ "የኮሌጅ መንገድ" የሚሸጥ ክለብ ዛሬ የማይጠቅምዎትን ነገር ነው የሚሸጥልዎ።

ልምምዱን ሰዓት ይዘው ይመልከቱ

ይኼ ከማንኛውም ብሮሹር ይበልጣል። ትራይአውቱን ሳይሆን ተራ የማክሰኞ ልምምድ ይመልከቱ፤ በትራይአውት ሁሉም ያምራል። ከቡድኑ መካከለኛ የሆነ አንድ ልጅ ይምረጡ፣ ኮከቡን አይደለም። ለ20 ደቂቃ እሱን ብቻ ይከታተሉ፤ ኳስ ስንት ጊዜ ነካ? ስንት ደቂቃ ሰልፍ ላይ ቆመ? አሥራ አራት ልጆች በአንድ ኳስ ተሰልፈው ተራ በተራ ወደ ግብ ሲመቱ ካዩ፣ እያንዳንዱ ልጅ አብዛኛውን ሰዓት የሚያሳልፈው የጓደኛውን ጀርባ እያየ ነው። ሦስት ለሦስት፣ አራት ለአራት በትንንሽ ሜዳ የሚያጫውት አሰልጣኝ ግን በዚያው ሰዓት ብዙ እጥፍ ንክኪ ይሰጣል። አሰልጣኙ ጨዋታውን ሲያስቆም ምን ይላል? "ንቁ! ሩጡ!" ብቻ ነው ወይስ "ኳሱ ከመምጣቱ በፊት ትከሻህን አዙረህ እይ" ይላል? የመጀመሪያው ጩኸት ነው፣ ሁለተኛው ትምህርት።

የአሰልጣኝ ፈቃድ ቅደም ተከተሉ ግራስሩትስ፣ ዲ፣ ሲ፣ ቢ፣ ኤ፣ ፕሮ ነው። ግራስሩትስ የጥቂት ሰዓት ኮርስ ስለሆነ "ላይሰንስ አለኝ" የሚለው ብቻ አይበቃም፤ የትኛው? ብለው ይጠይቁ። ስንት ቡድን እንደሚይዝም ይጠይቁ። አራት ቡድን የያዘ ሰው ቅዳሜ አራት ቦታ መገኘት አይችልም፤ እሱ በሌለበት ጨዋታ ማን ይቆማል? ስሙን ደግሞ በስፖርት ውስጥ የሚፈጸም ጥቃትን የሚመረምረው የሴፍስፖርት ማዕከል ለሕዝብ ክፍት ባደረገው የዲሲፕሊን መዝገብ ላይ ይፈልጉት፤ ሁለት ደቂቃ አይወስድም።

የደቂቃ ሂሳብ

ከ11 እና ከ12 ዓመት በታች ያሉት ዘጠኝ ለዘጠኝ፣ ሁለት ጊዜ 30 ደቂቃ ይጫወታሉ፤ ቡድኑ እስከ 16 ልጅ መመዝገብ ይችላል። 60 ደቂቃ በ9 ቦታ ሲባዛ 540 ደቂቃ ነው። ለ12 ልጅ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 45 ደቂቃ፤ ለ16 ሲካፈል 34 አይሞላም፣ ያውም አሰልጣኙ እኩል ካካፈለ። በረኛው ሙሉውን ከተጫወተ ለቀሩት 15 ልጆች 32 ይደርሳል። ለዚህ ነው "ስንት ልጅ ትመዘግባላችሁ?" የሚለው ከዋጋ ጥያቄ እኩል የሚጠየቀው። አሥራ ስድስት ልጅ ለክለቡ የአራት ልጅ ተጨማሪ ገቢ ነው፤ ለልጅዎ ግን ወንበር ነው። ክለቡ የመሰለፍ ደቂቃ ደንብ በጽሑፍ ካለው ያስልኩት። "ይገባዋል ያልነው ይጫወታል" የሚል መልስ ለ15 ዓመት ልጅ ሊያስኬድ ይችላል፤ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን ሌላ ክለብ መፈለግ ይሻላል።

ለኛ ቤተሰቦች የሚጨመሩ

ከ2026–27 የውድድር ዘመን ጀምሮ አብዛኞቹ ድርጅቶች ዕድሜ የሚመድቡት ከኦገስት 1 እስከ ጁላይ 31 ነው፤ ቀድሞ በልደት ዓመት ነበር። ኦገስት 1 ሐምሌ 25 ነው። የልጁ የልደት ወረቀት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ከሆነ ሲቀየር በአንድ ቀን ቢሳሳት እንኳ ምድቡን ሊያዛባ ይችላል፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ቀን ይጠቀሙ፣ ሁለቱ ካልተስማሙም ከምዝገባ በፊት ያስተካክሉ። ከኢትዮጵያ የመጣና 10 ዓመት የሞላው ልጅ በፊፋ ደንብ መሠረት ኢንተርናሽናል ክሊራንስ የሚባለውን ፈቃድ ሊጠየቅ ይችላል። ወረቀቱ ጊዜ ይወስዳል፤ የልደት ማስረጃውን፣ የልጁንና የወላጅን ፓስፖርት፣ የአድራሻና የሥራ ማስረጃ አዘጋጅተው በጁን ይጀምሩ። ሴፕቴምበር ላይ የጀመረ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች ከዳር ቆሞ ሊያያቸው ይችላል።

እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ያላችሁ ቤተሰቦች ሊጉ የሚጫወተው ቅዳሜ ነው ወይስ እሁድ የሚለውን ከዋጋው በፊት ጠይቁ። ሊጎች በስፕሪንግ ጨዋታ አቁመው የሚያርፉት ብዙ ጊዜ በፈረንጆቹ ፋሲካ ነው። በ2026 የእነሱ ኤፕሪል 5፣ የእኛ ኤፕሪል 12 ስለነበር በዕለተ ፋሲካ ጨዋታ ሊወድቅ ይችል ነበር። የቡድኑ ማናጀር ለሊጉ የቀን ጥያቄ የሚያስገባበት ቀነ ገደብ ስላለው በጃንዋሪ ወይም በፌብሯሪ ይንገሩት፤ በሑዳዴ መጨረሻ መንገር ዘግይቷል።

እርዳታና ግብር

የክፍያ ቅናሽ ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ ትራይአውቱ ሳያልቅ ይዘጋል፤ በጀቱም ቀድሞ ለጠየቀ ነው። የሚጠየቁት የግብር ቅጽ 1040፣ ወይም ልጁ በትምህርት ቤት በነጻ ወይም በቅናሽ ምሳ እንደሚበላ የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ወይም የስናፕ (የመንግሥት የምግብ እርዳታ) ደብዳቤ ናቸው። ማመልከት ውርደት የሚመስለው ሰው አለ፤ አሰልጣኙ ብዙ ጊዜ ማን እንደተቀበለ እንኳ አያውቅም። ቅናሹ ማሊያንና ሆቴልን የሚጨምር መሆኑን ግን ያረጋግጡ፤ ብዙውን ጊዜ አይጨምርም። ክለቡ ለትርፍ ያልተቋቋመ ከሆነ ፎርም 990 የሚባለው ዓመታዊ ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ገቢውንና ለዋና ኃላፊዎቹ የከፈለውን ያሳያል። ሁለቱም ወላጆች የሚሠሩ ከሆነና ልጁ 13 ዓመት ካልሞላው፣ የሳመር የእግር ኳስ ካምፕ የቀን ከሆነ ለልጅ እንክብካቤ የግብር ቅናሽ ሊቆጠር ይችላል፤ አዳር ካምፕ ግን አይቆጠርም። ደረሰኙን ያስቀምጡ።

ኢሜይሉ ሲመጣ ቀብዱን ከመክፈልዎ በፊት አንድ መልስ ይላኩ፦ የትኛው ቡድን ነው፣ አሰልጣኙ ማን ነው፣ ስንት ልጅ ይመዘገባል? በጽሑፍ ይመልሱልዎ። ካልፈለጉትም "አመሰግናለሁ፣ አንቀበልም" ብለው በዚያው ቀን ይጻፉ፤ ቦታውን የሚጠብቅ ሌላ ልጅ አለ።